ዶቅዶቄዋና ሐኪሞቿ

በእኛ አገር የተበላሸ ዕቃ ሥራ አይፈታም። ማቀዝቀዝ ያቃተው ፍሪጅ የዱቄት ማስቀመጫ ሆኖ ይቀጠራል። ስዕሉ የጠፋ ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ የሠርግ ፎቶ ይሸከማል። ጎማው የተኛ መኪና ጓሮ ገብቶ ሽንኩርት ይሰጣበታል። ስለዚህ የአጎቴ ቬስፓ ደርግ ከወደቀ ጀምሮ ሥራ ፈትታ ቆማለች ብሎ የሚያማት ካለ፣ የቤታችንን ታሪክ የማያውቅ ነው። በግራ ጉንጯ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ፈልፍላለች። መሪዋ ላይ የስንቱ ልጅ የሽንት ጨርቅ ተሰጥቷል። ኮርቻዋ ላይ የሰፈሩ ሕፃናት እየተፈናጠጡ፣ በአፋቸው "ዱቅ ዱቅ ዱቅ" እያሉ ላንጋኖ ደርሰው ተመልሰዋል።

አጎቴን ዘመድ ሁሉ "ጋሼ" ነበር የሚላቸው። ካረፉ በኋላ የቬስፓዋ ነገር ሲነሳ ባለቤታቸው እትዬ፣ "ወይ አስነሷትና ሰው ይንዳት፤ ወይ ቆራሌው ይውሰዳትና ግቢዬ ይጽዳ" ብለው ፈረዱ። ይህ ፍርድ በምን መንገድ ከግቢ እንደወጣ እንጃ፣ ቆራሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ በራችን ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ፣ እርምጃውን ዝግ ያደርግ ጀመር። የሚከፍለው በኪሎ ነው፤ ቬስፓ ደግሞ መላ አካላቷ ላሜራ ነው። "እማማ፣ አሁንም አለች?" ብሎ ሲጠይቅ፣ የታመመ ዘመዳችንን የሚጠይቅ እንጂ የሚገዛን ሰው አይመስልም ነበር።

እኔ ይህን አይቼ "አስነሳታለሁ" አልኩ። ይህችን ቃል በአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ያውቀዋል። በማግስቱ ግቢያችን በመካኒክ ተሞላ። ለካስ በሰፈራችን መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም።

ጎሚስታው መጣና ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ "ችግሯ ጎማ ነው" አለ። ባለ ሱቁ "ባትሪዋ ሞቶ ነው" አለ። የእኛዋ ባትሪ እንደሌላት፣ እሳቷን የምታገኘው ሞተሯ ሲዞር አብሮት ከሚሽከረከረው ማግኔት እንደሆነ ብነግረው፣ "ታዲያ ባትሪ ከሌላት በምን ትነሳ!" ብሎ አፈጠጠብኝ። ዲያቆኑ ጸበል ይረጭባት አሉ። እትዬ ደግሞ ድሮ አንዲት ጎረቤት "ወይ ስታምር!" ብላ ሳታማትብ ማለፏን አስታውሰው፣ ነገሩን በዚያው ዘጉት።

ትልቁ ጉባኤ ግን ስለ ቀለም ነበር። ቤተሰቡ ቀይ ትቀባ በሚሉና ውኃ ሰማያዊ ትቀባ በሚሉ ለሁለት ተከፈለ። ኮርቻዋ በነብር ቆዳ መልክ ይሸፈን የሚል ሦስተኛ ወገንም አልጠፋም። ሞተሯ ይሠራ እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ለነገሩ በሕዝቡ ብቻ አይፈረድም፤ ቬስፓን የሠራት ሰው ራሱ ሞተሩ እንዳይታይ አድርጎ ነው የሠራት።

ይህ ሰው ኮራዲኖ ዳስካኞ ይባላል፤ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር። ይቆሽሻል፣ አይመችም፣ ጎማው ሲፈነዳ መፍታቱ መከራ ነው ባይ ነው። ልቡ ያለው ሄሊኮፕተር ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የሠራት ሄሊኮፕተር በዘመኗ ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። ፖንቴዴራ የሚገኘው የፒያጆ የአውሮፕላን ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተደብድቦ ሲፈራርስና የአውሮፕላኑ ገበያ ሲደርቅ፣ ኤንሪኮ ፒያጆ "ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መጓጓዣ ሥራልኝ" ያለው ይህንኑ ሞተር ሳይክል ጠል ሰውዬ ነው። ሰውዬው የሚጠላውን እየነቀሰ አወጣ። ሰንሰለቱን አስቀረ። ሞተሩን ከኋላ ጎማው አጠገብ ወሽቆ በላሜራ ሸፈነው። ማርሹን ከእግር ወደ መሪው እጀታ አመጣው። የፊት ጎማዋን የአውሮፕላን ጎማ በሚያያዝበት መንገድ በአንድ ጎኗ ብቻ አንጠለጠላት። ፓተንቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ሞተር የማይወዱ ሰዎች ሁሉ የወደዷት ዶቅዶቄ እንዲህ ተወለደች።

አጎቴም ከነዚያ አንዱ ናቸው። በ1956 ዓ.ም. የገዟትን ይህችን 150 ሲሲ፣ ባለ 4 ማርሽ ቬስፓ በከረባትና በነጭ ሸሚዝ ነበር የሚነዷት። በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ቬስፓቸው ቢሮ በሰዓቱ እንዳደረሰቻቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲተርኩት ኖረዋል። አብዮቱ በሌላው ቤት በሌላ ነገር ይታወሳል፤ በእኛ ቤት የሚታወሰው ጋሼ ባለማርፈዳቸው ነው።

ወደ ሐኪሞቿ ልመለስ። ምክር ብቻ የሰጡት ጉዳት አላደረሱም። ጉዳቱ የመጣው እጅና እግራቸውን ከሰነዘሩት ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ማስነሻ ፔዳሏን ተራ በተራ ይረግጡ ጀመር። ይህን ያህል ዘመን ቆሞ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት የተጣበቀን ፒስተን በእርግጫ ለማላቀቅ መሞከር የማስነሻውን ጥርስ መጨረስ ነው፤ ይህን ግን ለጎረምሳ ማን ያስረዳዋል? የረገጠ ሁሉ "አላልቻታለሁ" ብሎ ይወርዳል። ቀጥሎ የሚረግጠው ድንገት ቢያስነሳት ምስጋናው ለእሱም እንዲደርሰው መሆኑ ነው።

ከዚያ "ባለሙያ" መጣ። ስሙንም ጋራዡንም አልጠራም። የያዘው መዶሻና ትልቅ ፒንሳ ነው። ካርቡራተሯን ፈታ። ጭንቅላታቸው የተላጠ ቡሎኖች ትቶልን፣ በውስጧ ያሉትን የነሐስ ዕቃዎች አውጥቶ በአዲስ ለወጠ። በአሮጌው ቤንዚን ላይ አዲስ ቤንዚን ጨመረ። የአየር ማጣሪያዋን "አጥቤ አመጣዋለሁ" ብሎ ይዞት ሄደ። ይኸው እስካሁን እያጠበ ነው።

ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤት ልጅ ደግሞ "ብራዘር፣ ለምን ትለፋለህ? ሞተሯን አውጥተን የባጃጅ እንግጠምባት" አለ። እትዬ ስድብ መስሏቸው ተቆጡ። ሐሳቡ ግን የዝምድና መሠረት አለው። ፒያጆ ቬስፓን ባወጣ በ2 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ አፔ የተባለች ባለ ሦስት እግር አመጣ። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ደግሞ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር። ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያበቃ፣ በዓመቱ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ቼታክ የምትባል ስኩተር አወጣ። ቼታክ የራጅፑቱ ንጉሥ የማሃራና ፕራታፕ ፈረስ ስም ነው። እኛ ሠርተናት ቢሆን የቴዎድሮስን ፈረስ ስም ሰጥተን "ታጠቅ" እንላት ነበር፤ ሊብሬው ላይም ባለንብረቱ "አባ ታጠቅ" ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ አደባባዩ ላይ እየተሽሎከለከች መሐላችን የምትገባው ባጃጅ የቬስፓ የሥጋ ዘመድ ናት ማለት ነው። ዝምድናው ኋላ በመለዋወጫ ጠቅሞናል። ሞተር ማዋስ ላይ ግን አይደርስም፤ የቬስፓዋ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ የሚያቃጥል ነው፣ የዛሬዋ ባጃጅ ደግሞ ዘይቷን ለብቻው ትይዛለች።

በመጨረሻ እትዬ ራሳቸው፣ በጋሼ ቀብር ላይ ያዩዋቸውን የድሮ መካኒካቸውን አፈላልገው አስጠሩ። አዛውንቱ ሲመጡ አንዲት ካቻቢቴ እንኳ አልያዙም። ዱካ ላይ ተቀመጡ። ቡና ቀረበላቸው። አቦሉን ጠጥተው ብድግ አሉና የቤንዚን ክዳኗን ከፍተው አሸተቱ፤ መልሰው ዘጉት። ቶናው ሲቀዳ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምኗን ነካካችኋት?" አሉኝ። ምን ሆነች አላሉም።

"ኧረ ብዙ ሰው ነው የነካካት፣ አባባ።"

"እሱንማ አየሁት። እንዲያው ቆልፋችሁባት ብትሄዱ ኖሮ ሥራው በግማሽ ይቀል ነበር።"

እኔም ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚህች አነጋገር ምክንያት ነው። ቬስፓዋ ቆማ ካገኛት ዝገት ይልቅ ልናስነሳት ስንል ያደረስንባት በልጦ ተገኘ። የአዛውንቱ የመጀመሪያ ሥራ መጠገን አልነበረም፤ የተጠገነውን ማፍረስ ነበር። የተላጡትን ቡሎኖች አወጡ፣ በጨርቅ የተወተፈውን የአየር መግቢያ ከፈቱ፣ አሮጌና አዲስ የተቀላቀለበትን ቤንዚን አፈሰሱ። ቤንዚን ስል እንደ ነገሩ ነው፤ የወጣው ነገር መልኩ የጠጅ፣ ሽታው የቀለም ነበር። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍሉ ይተንና ከታች ሙጫ ይተዋል።

ሁላችንም ሞተሯ ስትነሳ ለማየት ስንጠብቅ እሳቸው ፍሬን መፍታት ጀመሩ። "ከመሄዷ በፊት መቆሟን አረጋግጡ" አሉ።

"አባባ፣ መቆሙንማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተለማምዳዋለች" አለ ባለ ባጃጁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የአዲስ አበባን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው በፍሬን አይስቅም። የፍሬን ሸራውን ቀየሩ፣ ገመዱን በዘይት አለሰለሱት፤ ጎማዎቹንም ላስቲካቸው ተሰነጣጥቆ ስለነበር ከነካላማዳሪያቸው አስጣሏቸው። ያን ጊዜ ጎሚስታው እየተጀነነ ግቢውን ዞረ፤ ከሁላችንም ትክክል የተናገረ እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቬስፓ ቸርኬ ሁለት ክፋይ ሆኖ በቡሎን የተገጠመ ነው፤ ይላቀቃል፣ ጎማው ያለ ትግል ይወጣል። ዳስካኞ ጎማ መፍታት መጥላቱ እዚህ ላይ ጠቅሞናል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ቡሎኖቹን የምትነኩት አየሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ አለዚያ ቸርኬው ፊታችሁ ላይ ለሁለት ይፈነዳል።

ለተጣበቀው ፒስተን የሰጡት መድኃኒት እርግጫ አልነበረበትም። ካንዴላዋን ፈትተው በቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ቀላቅለው ጠብ አደረጉ፤ በንጹሕ ጨርቅ ደፈኑት። "በሉ ተዋት። እስክመጣ ማንም እንዳይረግጣት" ብለው ሄዱ። ሰፈሩን የከበደው ይህ ነው። ማየት እንጂ መንካት የተከለከለ ዕቃ ግቢ ውስጥ ሲቀመጥ የጎረምሳ እግር ይበላዋል። እትዬ ዱካቸውን አምጥተው አጠገቧ ጥጥ እየፈተሉ ጠበቋት። አዛውንቱ ሲመለሱ የማግኔቱን ጎማ፣ ቮላኖውን፣ በመዳፋቸው ይዘው ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ያደርጉት ጀመር፤ ኃይል የለበትም። መጀመሪያ በጣት ስፋት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንዲት "ቅጭ" የምትል ድምፅ ተሰማችና ሙሉውን ዞረ። ያ ሁሉ ጎረምሳ ረግጦ ያቃተውን አንድ ሽማግሌ በመዳፍ አዞረው።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር የሚጠይቁት። እሳት አላት? ቤንዚን ይደርሳታል? ኮምፕሬሽን አላት? ሞተር እነዚህን ሦስቱን ካገኘ አለመነሳት አይችልም ይላሉ፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

የእሳቱ ነገር የሚፈታው ቮላኖው ጀርባ ነው። እዚያ ሁለት ትንንሽ የብረት ከንፈሮች አሉ፤ ፑንቲና ይሏቸዋል። ሞተሩ በዞረ ቁጥር እየተከፈቱ ነው ካንዴላዋ ላይ እሳት የሚያዘልሉት። የእኛዎቹ አረንጓዴ አብቅለው ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ጠራርገው፣ ሲከፈቱ የሚኖረውን ርቀት በቀጭን የብረት ቅጠል እየለኩ 0.4 ሚሊሜትር ላይ አቆሙት። አጠገቡ ያለውን አሮጌ ኮንደንሰር ሳይሞክሩት ቀየሩት። ከዚያ "እስቲ ካንዴላዋን ሞተሩ ላይ አስጠግተህ ያዝልኝ" ብለው ለባለ ባጃጁ ሰጡትና ማስነሻዋን መቱ። እሳት መኖሩን ያወቅነው ከካንዴላዋ ሳይሆን ከልጁ ጩኸት ነው። አዛውንቱ "ሰማያዊ ናት፤ ጥሩ ናት" አሉ። ልጁ ከዚያ በኋላ የሞተር ቅየራ ሐሳብ አላነሳም።

ሰልባቲዮዋን ከኮርቻዋ ሥር አውጥተን አቼቶና ጠጠር ጨመርንበት። መናጡ ለልጆች ተሰጠ። ግቢው ሙሉ እስክስታ ሆነ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ የተናጠው ዝገት ቡናማ ሆኖ ወጣ። በውኃ ታጥቦ ደረቀ፣ በቤንዚን ተለቀለቀ።

ካርቡራተሯ ላይ ግን ሁሉም ዝም አለ። ቤንዚኑ የሚለካው በአንዲት የነሐስ ቁራጭ መሐል ባለች ቀዳዳ ነው፤ ነሐሷ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው። 100 የሚል ካያችሁ አንድ ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህችን ቀዳዳ ሙጫ ሲደፍናት ሰው ሁሉ የሚሮጠው ሽቦ ፍለጋ ነው። አዛውንቱ ሽቦ የያዘውን እጅ መቱ። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ ይፍቀዋል፣ ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ለኩኝ ቢሉት አይለካም። ዓይናቸውን ግቢው ውስጥ አዙረው የእትዬ ጭራ ላይ አሳረፉ። "ከዚያች ላይ አንድ ፀጉር ይመዘዝልኝ" አሉ። እትዬ በዝንብ ዘመን ጭራቸው ሲመነጭ ቅር ቢላቸውም ፈቀዱ። የፈረስ ፀጉሩ በቤንዚን ተነክሮ በቀዳዳዋ ገብቶ ሲወጣ፣ አዛውንቱ ነሐሷን ወደ ፀሐይ አንስተው በአንድ ዓይናቸው አዩባት። ለእኛም በየተራ አሳዩን። አንዲት ክብ ብርሃን ነበረች፤ ዳር ዳሯ ንጹሕ።

አሁን የቀረው አዲስ ቤንዚን ነው። ጀሪካን ይዤ ማደያ ሄድኩ። "በጀሪካን አንሸጥም፤ ተሽከርካሪውን ይዘህ ና" አሉኝ። ተሽከርካሪዋ ቤንዚን ስለሌላት አትነሳም። "ቤንዚን ከሌላት ታዲያ ይዘሃት ና" አሉኝ። ክርክሩ የት እንደሚደርስ ስለታየኝ ተመልሼ ከጎረምሶቹ ጋር እየገፋን ወሰድናት። ያ ሁሉ ሊረገጥ የጓጓ እግር ቢያንስ ለዚህ በጅቷል። ዘይቱን እኛው ቀላቀልን፤ ለዚህች ሞተር መጠኑ 2 በመቶ ነው፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር። እዚህ ላይም ቀጂው "ዘይት ቢበዛ አይጎዳም፣ ጨምርበት" ብሎኝ ነበር። ይጎዳል፤ ካንዴላዋን ያጨልማል። ዘይቱ ካነሰ ደግሞ ፒስተኑ ይነክሳል። ለዚህ ነው በዓይን ሳይሆን በመስፈሪያ የሚለካው።

ተነሳች። ስትነሳ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ሰፈሩን ጭስ በጭስ አደረገችው፤ እልልታም ነበረ። ስልክ ያለው ሁሉ ቀረጸ። በሰፈሩ ግምት ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል። ለአዛውንቱ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነበር። መነሳትና ደኅና መሄድ ለየቅል ናቸው። ጭሱ ነጭ ነበር፣ ሞተሯ ከሞቀችም በኋላ አልጠራም። የማርሽ ዘይቷን ሲለኩት ጎድሏል። ምክንያቱን አላውቅም ያለ ሰው አልነበረም፤ ቤንዚኑ ውኃ አለበት የሚለው ሐሳብ ብዙ ድምፅ አገኘ። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። በሞተሩና በማርሽ ቤቱ መካከል ዘይት እንዳያልፍ የምታግድ የጎማ ቀለበት አለች። ጎማ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ሲቀመጥ ይደርቃል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ የገዛ ማርሹን ዘይት እየሳበ ይጠጣል። ሞተሯ ወርዳ ተከፈተች። የጎማ ቀለበቷን ያገኘነው መርካቶ ነው፣ ለቼታክ ተብሎ የመጣ፤ ዝምድናው የጠቀመን እዚህ ላይ ነው።

ከዚህም በኋላ ሜዳ ላይ ደኅና ሄዳ፣ ጋዝ ሲሰጧት የምትንተባተብ ሆነች። አዛውንቱ ካንዴላዋን ፈትተው ጫፏን አዩ። ጥቁር ነበር፣ የጥላሸት ጥቁር። "ደኅና የምትተነፍስ ሞተር ካንዴላዋ የተቆላ ቡና መልክ ነው። ይቺ ቤንዚን በዝቶባታል" አሉና ካርቡራተሯን መልሰው ከፈቱ። ነሐሷን አውጥተው ቁጥሯን አነበቡ። "ይህችን ማን ነው ያስገባት?" ባለ ትልቅ ፒንሳው ባለሙያ ከነማሸጊያዋ አዲስ ገዝቶ ያስገባት ነች። አዲስ መሆኗ ምንም አልጠቀመም፤ የተለካችው ለባሕር ወለል ነው። ቬስፓ የተወለደችበት ፖንቴዴራ ከባሕር ብዙም ከፍ ያላለ ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየራችን ከዚያኛው ባንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለሳሳ አየር ያንኑ ቤንዚን ስትሰጡት ከፊሉ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጋሼ ሲነዷት የነበረችው አሮጌ ነሐስ ትንሽ ቁጥር የነበራት በስህተት አልነበረም፤ የዚያን ጊዜ መካኒክ አስቦበት ነው። መካኒኩም እሳቸው ናቸው። አሮጌዋ የት እንደደረሰች የሚያውቅ ስላልነበረ፣ አዛውንቱ ቤታቸው ሄደው በኒዶ ጣሳ ካጠራቀሟቸው ነሐሶች መካከል አንዲት ይዘው መጡ። ከገባች በኋላ እንጦጦን ሽቅብ ስትወጣ ድምፅዋ አልተቆራረጠም። ስትመለስ ካንዴላዋ ተፈታ፤ ቡና መልክ ነበር።

ወረቀቷም የራሱ ታሪክ አለው፤ ባጭሩ ላውራው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ስላገደች፣ ሊብሬዋን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሊብሬዋ የተገኘችው የእትዬ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ የተሠራችበትን ዓመት ኮምፒዩተሯ ውስጥ ብትፈልግ ዝርዝሩ ወደዚያ ድረስ አይወርድም። "ጂፒኤስ ተገጥሞላታል?" አለችኝ። ባትሪ የላትም አልኳት። "ታዲያ በምን ትነሳለች?" አለችኝ። ባለ ሱቁ ትዝ አለኝ። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ ቬስፓዋ ለጊዜው የምትሄደው ከከተማ ውጪ ነው፤ በአይሱዙ ተጭና ትወጣለች።

ቀለሙ እስካሁን አልተቀባም። ሁለቱም ወገን በአቋሙ እንደ ጸና ነው፤ እኔ በበኩሌ የአሁኑ መልኳ አይከፋም ባይ ነኝ። ወርቃማ ሕግ የለኝም፤ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የቆመች ዶቅዶቄ ካለች፣ ልትነዷት ባታስቡ እንኳ፣ ዛሬ ማታ ቤንዚኗን አፍስሱላት። ካንዴላዋን ፈትታችሁ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉና መልሳችሁ ግጠሟት። ጉልበት ያለው ዘመድ ሊጠይቃችሁ ከመጣ ደግሞ ማስነሻዋን እንዳይረግጣት ቡናውን ቤት ውስጥ አፍሉለት።